ሻዩ ነው ወይስ ዝንቧ? የሞስኮው የሳሎን ክበብ ሲመዘን

ስለ ምርምር ማኅበረሰብ በተወራ ቁጥር አንድ ምክር ደጋግሞ ይመጣል፦ ሰዎቹን ሰብስቡ፣ ሻይ ቡና አቅርቡ፣ ደንብ አታብዙ፣ ሐሳቡ ራሱ ይመጣል። ለዚህ ምክር ማስረጃ ሊሆኑ ከሚችሉ ታሪኮች ሁሉ የሚያምረው በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ በየሰው ቤት እየተሰበሰበ ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ይከራከር የነበረው ትንሽ ቡድን ታሪክ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ሳሎን የወጣው ሐሳብ ዛሬ ስለ ዝግመተ ለውጥ ከምናውቀው ነገር አንዱ ምሰሶ ሆኗል።

ግን እውነት ሥራውን የሠራው ሻዩ ነው? ጥያቄው ለታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከናንተ መካከል ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «እኛም እንዲህ ያለ ነገር እንጀምር» የሚል አይጠፋም። ከታሪኩ የተሳሳተውን ክፍል ኮርጆ ከጀመረ፣ በሦስተኛው ሳምንት የሚቀረው ሻዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከማድነቃችን በፊት እንመዝነው።

ሁለት ጎራ፣ አንድ ጥያቄ

መጀመሪያ ሰዎቹን ምን እንዳሰባሰባቸው እንይ። ዳርዊን በ1859 ትልቁን መጽሐፉን ሲያሳትም ተፈጥሮ በልዩነቶች መካከል እንደምትመርጥ አሳየ። ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ግን የሚያስኬድ ማብራሪያ አልነበረውም። በ1900 የሜንዴል ሥራ እንደገና ሲገኝ መልሱ የመጣ መሰለ። ይሁን እንጂ ነገሩ ይባስ ተወሳሰበ። የላቦራቶሪ ሰዎች ነጭ ዓይን ያላትን ወይም ክንፏ የተኮማተረውን ዝንብ እያሳዩ «ሚውቴሽን ማለት ይኼ ነው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቢራቢሮና ጥንዚዛ ሲሰበስቡ የኖሩት የመስክ ሰዎች ደግሞ «እኛ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ አናይም፤ በተፈጥሮ ያለው ልዩነት ጥቃቅን ነው» ብለው መለሱ። ሁለቱ ጎራዎች የሚያነቡት መጽሔት እንኳ የተለያየ ነበር።

ሰርጌይ ቼትቬሪኮቭ ከመስክ የመጣ የቢራቢሮ ሰው ነው። ሆኖም ሞስኮ ውስጥ ኒኮላይ ኮልትሶቭ በሚመራው የሙከራ ባዮሎጂ ተቋም የሥነ-ዘረመል ሥራ ይመራ ነበር፤ ለተማሪዎችም ስታቲስቲክስ ያስተምር ነበር። ከሁለቱም ጎራ አንድ አንድ እግር ነበረው ማለት ነው። በ1924 ገደማ ተማሪዎቹንና የሥራ ባልደረቦቹን እያሰባሰበ ውይይት ጀመረ። ኒኮላይ ቲሞፌየቭ-ሬሶቭስኪ፣ ባለቤቱ ኤሌና፣ ቦሪስ አስታውሮቭ፣ ኤሊዛቬታ ባልካሺና ከአባላቱ መካከል ነበሩ። አብዛኞቹ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ክበቡን ራሳቸው «ድሮዝሶር» ብለው ሰየሙት። ወደ አማርኛ ብናመጣው «የዝንበኞች የጋራ ጩኸት» እንደማለት ነው። ስሙ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ተናጋሪውን መሐል ላይ ማቋረጥ የተፈቀደ ነበር።

ከሳሎን ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ

የመስክ ሰዎቹ «ጉዱ የት አለ?» ሲሉ የቼትቬሪኮቭ መልስ «ተደብቆ ነዋ» የሚል ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሚውቴሽን ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ብቻ የሚታይ ይሁን እንበል። በአንድ የዝንብ ሕዝብ ውስጥ ከ100 የጂን ቅጂዎች አንዱ ይህን ሚውቴሽን ቢይዝ፣ ሁለቱም ቅጂዎቿ እንዲህ የሆኑባት ዝንብ የመገኘት ዕድሏ 1/100 × 1/100፣ ማለትም ከ10,000 አንድ ነው። አንዱን ቅጂ ብቻ ይዘው ምንም ሳይመስሉ የሚዞሩትስ? 2 × 1/100 × 99/100 ነው፤ ከ10,000 ዝንቦች 198 ይሆናሉ። አያችሁ? ጉዱ የሚታይባት አንድ፣ ደብቀው የሚዞሩት ወደ 200። መረብ ይዞ የወጣ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ቼትቬሪኮቭ ዝርያን በስፖንጅ መሰለው፦ ሚውቴሽኖችን ወደ ውስጥ ይመጣል፣ ከላይ ሲታይ ግን ያው ነው።

ይህ ግምት መፈተን ነበረበት። በ1925 ክረምት የቡድኑ ሰዎች በጥቁር ባሕር ዳርቻ ከምትገኘው ጌሌንጂክ 239 የተጠቁ እንስት ዝንቦችን ሰበሰቡ። እያንዳንዷን ለብቻዋ አስቀመጡ፤ ከዚያ ልጆቿን እርስ በርስ አዳቀሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። እናትየዋ ወይም አባትየው አንድ ድብቅ ሚውቴሽን ከያዙ፣ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ከነዚያ ልጆች ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ደግሞ ከልጆቻቸው ከአራት አንዱ ላይ ጉዱ ፊት ለፊት ይወጣል። ወጣም። ውጫቸው አንድ ዓይነት ከሚመስለው የዱር ዝንቦች ብዙ የተደበቁ ሚውቴሽኖች ተገኙ። ቼትቬሪኮቭ ንድፈ ሐሳቡን በ1926 በሩሲያኛ አሳተመ፤ የሙከራውን ውጤት በ1927 በርሊን ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ-ዘረመል ጉባኤ አቀረበ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚመርጥበት ጥሬ ዕቃ በየሜዳው ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ጎራዎች የሚገናኙበት ድልድይ እዚህ ላይ ተጣለ።

ጩኸቱ ምን ሠራ?

ለክበቡ የሚገባውን ምስጋና አስቀድሜ ልስጥ። የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ይህን ታሪክ ስመለከት ዓይኔ የሚሄደው ወደ መዘግየት ነው። ቧንቧው ረዥም የሆነ የሻወር ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሙቁን ትከፍታላችሁ፣ ምንም የለም፤ ትጨምራላችሁ፣ ምንም የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይለበልባችኋል። ችግሩ የውሃው ሙቀት አይደለም፤ ያደረጋችሁት ነገር ውጤቱ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ሐሳብም እንደዚያው ነው። አንድ ስሕተት በጽሑፍ ታትሞ፣ ተነቦ፣ መልስ እስኪጻፍበት ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ባለቤቱ በስሕተቱ ላይ ሦስት ፎቅ ይሠራበታል። በጋራ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ስሕተቱ በሰከንዶች ውስጥ ይያዛል።

ሌላም ነገር አለ። ቼትቬሪኮቭ ለ1926ቱ ጽሑፍ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ በ1915 እንግሊዝ አገር ስለ ቢራቢሮዎች መመሳሰል በታተመ መጽሐፍ ላይ የተያያዘ የሒሳብ ሰንጠረዥ ነው። ቢራቢሮ የሚወድ ሰው መጽሐፉን ሊያነበው ይችላል፤ ሰንጠረዡን ግን ይዘለዋል። ሒሳብ የሚወድ ሰው ደግሞ መጽሐፉን አይከፍተውም። የተለያየ ዓይን ያላቸው ሰዎች አንድ ጽሑፍ አብረው ሲያነቡ የሚዘለል ገጽ ያንሳል። ይህ የክበቡ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ በጉባኤ አዳራሽም በቀላሉ አይገኝም።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ትክክል ይመስላል። አሁን ወደ ሦስቱ ክሶች እንለፍ።

አንደኛው ክስ፦ ዝንቧን ረስተናል

ታሪኩ በተለመደው መልኩ ሲነገር የሚነሱት ሰዎቹ፣ ሳሎኑና ክርክሩ ናቸው። በ1922 አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር ሞስኮን ሲጎበኝ ለኮልትሶቭ ተቋም የድሮሶፊላ ዝንብ ዘሮች ይዞ መሄዱ ግን በአንድ መስመር ያልፋል። እኔ ደግሞ ክብደቱ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው እላለሁ። እነዚያ ብልቃጦች ባይመጡ ክበቡ ስለ ዝግመተ ለውጥ በአጠቃላይ ይከራከር ነበር፤ በአጠቃላይ የሚደረግ ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም። ዝንቧ ግን ክርክሩን ትዳኛለች። በሙቅ ክፍል ውስጥ በ10 ቀን ገደማ አዲስ ትውልድ ትሰጣለች። ዛሬ ማታ «እንዲህ ይሆናል» ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር ውጤቱን ይዞ ይመጣል፣ ወይም ቃሉን ያነሳል።

ሌላው የሚረሳው ተቋሙ ነው። ማይክሮስኮፑ፣ ደሞዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የኮልትሶቭ ተቋም ነበሩ። ሳሎኑ ነፃ መሆን የቻለው ከጀርባው ደንብ ያለው ቤት ስለቆመ ነው። «ተቋም አያስፈልግም፣ ፍላጎት ይበቃል» ለሚል ሰው ይህ ታሪክ ምስክር አይሆነውም።

ሮበርት ኮለር በ1994 ባሳተመው «የዝንቧ ጌቶች» በተባለ መጽሐፉ የኒው ዮርኩን የቶማስ ሞርጋን ቡድን ሲያጠና ይህንኑ ነጥብ በደንብ አሳይቷል። የዝንብ ተመራማሪዎችን ያስተሳሰረው ወዳጅነት ብቻ ሳይሆን የዝንብ ዘር በነፃ የመለዋወጥ ልማድ ነው። የጠየቀ ይሰጠዋል፤ የወሰደም በተራው መስጠት ይጠበቅበታል። ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ዕቁብ ማለት እኮ ይኼው ነው። የዕቁብ ቀን ይሳቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ዕቁቡን ዕቁብ ያደረገው ግን እያንዳንዱ ሰው የሚጥለው ገንዘብ ነው። ገንዘቡን አንሡትና ሳቁን ብቻ ተዉት፤ ስንት ሳምንት የሚቆይ ይመስላችኋል?

ሁለተኛው ክስ፦ በሩ የት ነው?

ደንብ የሌለው ስብሰባ ለሁሉም ክፍት ይመስላል። ድሮዝሶር ግን እንደዚያ አልነበረም። አዲስ ሰው የሚገባው አባላቱ በሙሉ ሲስማሙ ነው። ለዚህ ምክንያት አላቸው፤ መሐል ላይ እየተቋረጠ የሚናገር ሰው ጓደኞቹን ማመን አለበት። ዋጋው ግን በዚያው ተቋም ውስጥ ሆነው ከበሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች ናቸው። የጽሑፍ ደንብ ቢኖር «በዚህ አንቀጽ መሠረት ይገባኛል» ማለት ይቻላል። «ከኛ ጋር አይሄድም» ለሚል መልስ ይግባኝ የለውም።

የኒው ዮርኩም ቤት ከዚህ አላመለጠም። የሞርጋን «የዝንብ ክፍል» በወዳጅነቱ የታወቀ ነው። አልፍሬድ ስተርቴቫንት የመጀመሪያውን የክሮሞዞም ካርታ የሠራው እዚያ ገና የዲግሪ ተማሪ ሳለ ነው፤ ለወጣት ይህን ያህል የተከፈተ በር ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚያው ቡድን ውስጥ ግን ሊሊያን ሞርጋን ነበሩ። ተጣብቀው አብረው የሚወረሱ ሁለት የኤክስ ክሮሞዞሞች ያላትን ዝንብ ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ግኝቱም ጂኖች በክሮሞዞም ላይ መሆናቸውን ከሚያጠናክሩ ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። የተመራማሪነት ሹመት ያገኙት ግን በ1945 ባላቸው ካረፉ በኋላ ነው። ወዳጅነት ቦታ ይሰጣል፤ ደሞዝና ማዕረግ ግን አይሰጥም። ሁለቱን ማምታታት የሚጎዳው ሁሌም ደጅ ላይ የቆመውን ሰው ነው።

ሦስተኛው ክስ፦ መዝገብ የለውም

በ1929 ቼትቬሪኮቭ ታሰረ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብም ወደ ስቨርድሎቭስክ ተጋዘ። ክበቡ በዚያው ተበተነ። ሰብሳቢው ሲሄድ የሚቀጥለውን ስብሰባ የሚጠራ ጸሐፊ፣ የሚቀመጥ ቃለ ጉባኤ፣ የሚወረስ ማኅተም አልነበረም። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነገር ከሰውየው ጋር ይወድቃል።

ታዲያ እንዴት ደረሰን? በሁለት መንገድ ነው፤ በሰዎችና በወረቀት። ቲሞፌየቭ-ሬሶቭስኪና ኤሌና በ1925 ወደ በርሊን ሄደው ነበር። እዚያ የዱር ዝንቦችን ደብቅ ሚውቴሽን ለማውጣት ያንኑ ዘዴ ተጠቀሙ፤ የክርክሩንም ባህል ይዘው ሄዱ። በርሊን ውስጥ ከፊዚክስ የመጣው ማክስ ዴልብሩክ ወዳጆቹን በእናቱ ቤት እየሰበሰበ በሚያወያይበት ጊዜ ቲሞፌየቭ-ሬሶቭስኪ ከተወያዮቹ አንዱ ነበር። በ1935 ሁለቱ ከካርል ዚመር ጋር ስለ ጂን ባሕርይ ያሳተሙት ጥናት በኋላ ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1944 ሕይወት ምንድን ናት ብሎ ላሳተመው መጽሐፍ መነሻ ሆነ። ቲሞፌየቭ-ሬሶቭስኪ ራሱ ከእስር በኋላ በኡራል ተራሮች በሚያሶቮ ሐይቅ ዳር የክረምት ውይይቶችን ሲያካሂድ እናገኘዋለን። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የክበቡ አባል ያልነበረው ሌላ ሩሲያዊ፣ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ፣ የቼትቬሪኮቭን ሐሳብ አውቆ በ1927 ወደ ሞርጋን ቡድን ሄደ፤ በ1937ም ዝግመተ ለውጥንና ሥነ-ዘረመልን ያስታረቀውን ታዋቂ መጽሐፉን አሳተመ።

የ1926ቱ ጽሑፍ ግን ሙሉው በእንግሊዝኛ የወጣው በ1961 ነው። 35 ዓመት! ያ ጽሑፍ ባይጻፍ ኖሮ ደግሞ የሚተረጎምም ነገር አይኖርም ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ወደ እኛ ጠረጴዛ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አገራችን እንምጣ። ክበቡን እንዳለ ገልብጠን ባሕር ዳር ወይም ጂማ ላይ ብንተክለው ይበቅላል? ሁለት ነገር መቀየር ያለበት ይመስለኛል።

አንደኛው ጩኸቱ ነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል በሚባልበት ቤት ያደገ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «አቋርጠው» ስለተባለ ብቻ ፕሮፌሰሩን አያቋርጥም። ፈቃዱን የሚጠቀሙበት ድሮም የሚናገሩት ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ነፃነቱን ለማግኘት ደንብ መጨመር አለብን፦ የመጀመሪያው ጥያቄ በዕድሜ የሁሉም ታናሽ የሆነው ሰው ይሁን፤ አንጋፋው መጨረሻ ላይ ይናገር። ደንብ ሁልጊዜ የነፃነት ጠላት አይደለም፤ አንዳንዴ ለታናሹ አፍ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሁለተኛው መሐል ላይ የሚቀመጠው ነገር ነው። የኛ «ዝንብ» ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የኢትዮጵያን ያህል የታደለ አገር ጥቂት ነው። ጣና ሐይቅን ውሰዱ። በተለምዶ ነጭ አሣ የምንለው ላቤኦባርበስ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ከ10 በላይ ወደሆኑ ዝርያዎች ተከፋፍሏል። የአፋቸው ቅርጽ ይለያያል፣ የሚበሉት ይለያያል፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ አሣ አድነው የሚበሉ አሉባቸው። አንዳንዶቹ ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ እየተጠመዱ ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። ጥያቄው ራሱ ከማለቁ በፊት የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወይም ገብስና ስንዴውን ውሰዱ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ሲዞር በሰብሎቻችን ልዩነት ተደንቆ ብዙ ዘር ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ተመለሰ። አስቡት፤ ቼትቬሪኮቭ በርሊን ላይ ስለ ተደበቀ ልዩነት ያስረዳው በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ላይ የራሳችን የጂን ባንክ የተቋቋመው በ1976 ነው። ሀብቱ ነበረ፤ ዙሪያውን ከቦ የሚከራከር ማኅበር ግን አልነበረም። በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ የጂን ባንኩን ሲመሩ ገበሬውን ዘር የሚወሰድበት ሰው ብቻ አላደረጉትም፤ የልዩነቱ ጠባቂ አድርገው አብረውት ሠሩ። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው። ለሁለተኛው ክስ፣ ለበሩ ጉዳይ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ስለ ገብስ የሚወያይ ክበብ ገብስ የሚዘራውን ሰው ካላስገባ፣ ከሁሉ በላይ የሚያውቀውን አባል ደጅ አስቁሞታል።

ፍርዴ ይኼ ነው። የሞስኮው ክበብ ታላቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ደንብ አልባነቱ አይደለም። የጋራ ዝንብ፣ ከጀርባ የቆመ ተቋም፣ የተጻፈ ውጤት ነበረው። በሩ በጠበበበትና መዝገቡ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ተጎድቷል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ለመጥራት ካሰባችሁ ከሻዩ አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ምረጡ፦ አንድ አሣ፣ አንድ የጤፍ ዓይነት፣ የግቢያችሁን አንድ ጉንዳን። ሁላችሁም ልትነኩት፣ ልትቆጥሩት፣ ለሌላ ሰው ልትሰጡት የምትችሉት ይሁን። ከዚያ የሚጽፍ ሰው ሰይሙ፤ በየስብሰባው ምን እንደተባለና ማን ምን ሊያመጣ ቃል እንደገባ ይመዝግብ። ያልተጠራ ሰው እንዴት መግባት እንደሚችልም በር ላይ ለጥፉ። ይህን ካደረጋችሁ ሻዩን አፍሉት።